ኮኪት የሰቀልኩት ብልጥ አምፖል

ሰሞኑን ሰው ሁሉ እየመጣ «ያ ከስልክ የሚበራው አምፖል እንዴት ነው? ለቤት ይገዛል?» ይለኛል። እኛ ከተማ ገንዳ ውሃ፣ አንድ ሰው አዲስ ዕቃ ከገዛ ሌላው በእሱ ኪስ ይሞክራል። እኔ ደግሞ ትራክተር ጠጋኝ ስለሆንኩ ገመድና ብሎን ስላለው ነገር ሁሉ መልስ አላጣም ተብሎ ይታሰባል። እኔም ስለ ራሴ እንደዚያው ነበር የማስበው። ስለዚህ ልመልስ፤ ግን መልሱ አጭር አይደለም።

እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ ኮኪት በምትባል ትንሽ ከተማ ብቻዋን ትኖራለች። ገንዳ ውሃ መጥታ ከእኔ ጋር እንድትቀመጥ ያልለመንኩበት ጊዜ የለም። የምትሰጠኝ ምክንያት በየጊዜው ይለዋወጣል፤ አንድ ጊዜ ዶሮዎቿ ናቸው፣ አንድ ጊዜ ማኅበሯ ነው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የእኔ ግቢ ናፍታ ይሸታል። ዓይኗን ሞራ ከጀመራት ሁለት ዓመት ሆኗል። ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ስላት «ማየት ያለብኝን አይቻለሁ» ብላ ወሬ ትቀይራለች።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ዶሮዎቿን አስገብታ ስትመለስ፣ የመብራቱን ማብሪያ በጨለማ እየዳሰሰች በረንዳው ላይ ወደቀች። እጇ አበጠ እንጂ አልተሰበረም። እኔ ግን የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ፍርሃት አልለቅህ አለኝ፤ አንድ ቀን ትወድቃለች፣ ማንም አያያትም፣ እኔም ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ተቀምጬ መጨረሻ ሰሚ እሆናለሁ።

ጤነኛ ሰው እንዲህ ሲፈራ ቶሎ ቶሎ እየሄደ እናቱን ያያል። እኔ መካኒክ ነኝና ዕቃ ገዛሁ።

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጠው ልጅ አምፖሉን ከካርቶኑ ሲያወጣው የእንቁላል ያህል ተጠንቅቆ ነው። «ስማርት ነው» አለኝ። «ስልክህ ላይ ሆነህ ታበራለህ፣ ታጠፋለህ፣ ቀለም ትቀይራለህ። በድምፅም ይታዘዛል።»

«በአማርኛ?»

«በእንግሊዝኛ ነው፤ ግን ቀላል እንግሊዝኛ ነው።»

እናቴና ዶሮዎቿ ቀላል እንግሊዝኛ ሲነጋገሩ ታየኝና ድምፁን ተወው አልኩት። ልጁ ቀጥሎ፣ አምፖሉ ብቻውን ዋጋ እንደሌለው፣ ሲም ካርድ የምትጎርስና ዋይፋይ የምትረጭ አንዲት ትንሽ ሳጥን አብራው መገዛት እንዳለባት ነገረኝ። እሷንም ገዛሁ። በዚያ ገንዘብ ተራ አምፖል ብገዛ ኖሮ ከእናቴ ደጃፍ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ ወገግ ባለ ነበር። ያኔ ይህ አልታየኝም። የታየኝ፣ እኔ ገንዳ ውሃ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ የእናቴን በረንዳ በጣቴ ሳበራ ነው።

በመስከረም መጨረሻ፣ ቅዳሜ ቀን ወስጄ ሰቀልኩት። እናቴ ከሥር ቆማ መሰላሉን ይዛልኝ ነበር። ጨርሼ ስወርድ፣ ከእንግዲህ ግድግዳው ላይ ያለውን ማጥፊያ እንዳትነካው ነገርኳት።

«ታዲያ በምን ይጠፋል?»

«እኔ አጠፋዋለሁ።»

«አንተ የት ሆነህ?»

«ገንዳ ውሃ።»

«እንግዲህ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ መብራቴን አንተ ገንዳ ውሃ ሆነህ ልታጠፋብኝ ነው» አለች።

ነገሩን በዚህ በኩል አላየሁትም ነበር። ላስደስታት ብዬ ቀለሞቹን ላሳያት ጀመርኩ። ሰማያዊ አደረግሁት፣ አረንጓዴ አደረግሁት። እሷ ዓይኗን ጨፍና እየገለጠች «ያው ነው» ትለኛለች። ቀይ ላይ ስደርስ የኮኪት መብራት ድርግም አለ። ትንሽ ጠበቅን። ወደ ገንዳ ውሃ የሚመለሰው ሚኒባስ ረዳት ከአስፋልቱ ሲጣራ ሰማሁና፣ ሲመጣ ከቤቴ ሆኜ አስተካክለዋለሁ ብያት ወጣሁ።

ብልጥ አምፖል አንድ የማይረሳው ነገር አለ፤ ሲጠፋ በነበረው ቀለም ነው ተመልሶ የሚበራ። የኮኪት መብራት አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ መጣ። የእኔ ስልክ ዳታ ደግሞ የዚያን ዕለት ማታ እንደ ልማዱ ጠፍቶ ነበር። በእኛ አገር ደጃፉ ላይ ቀይ አምፖል የሚያበራ ቤት ምን እንደሚሸጥ የሚያስረዱት ሰው የለም። ወቅቱ ደግሞ የሰሊጥ አጨዳ ነው። ኮኪት ከደጋ በወረደ የቀን ሠራተኛ ተጥለቅልቃለች፤ ቅዳሜ ማታ ደግሞ የሳምንቱ ሒሳብ ከኪስ የገባበት ማታ ነው።

የሆነውን እናቴ በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደውላ ነገረችኝ። ሦስት ሰዎች ማጭዳቸውን እንደያዙ ገብተው በረንዳው አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። እሷ መንገደኞች መስለዋታል። አንደኛው «እናታለም፣ እስቲ ሦስት መለኪያ» አላት። ምን መለኪያ እንደሆነ አልገባትም፤ የጠማቸው መስሏት በጣሳ ውኃ ይዛ መጣች። ሰዎቹ ውኃውን አይተው እርስ በርስ ተያዩ። በዕድሜ ገፋ ያለው በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ሲያይ የማርያምን ሥዕልና የተሰቀለውን ነጠላዋን አየ፤ ወዲያው ባርኔጣውን አውልቆ ብድግ አለ።

«ኧረ እናቴ፣ ይቅር ይበሉን። ቀዩን መብራት አይተን ነው እኮ የገባን።»

«ቀይ ነው እንዴ?» አለችው እናቴ።

ዓይኗ አልለየውም ነበር። ነገሩ ሲገባት ደግሞ፣ እንደ ነገረችኝ ከሆነ፣ ከአባቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ሰዎቹ በሃፍረት ሊወጡ ሲሉ መንገዳቸውን ዘግታ ቆመች። «እቤቴ ከገባችሁማ ሳትበሉ አትወጡም» ብላ ለሦስቱም የማሽላ እንጀራ በሽሮ አቀረበች። የከርከዴ ሻይም አፈላችላቸው።

እኔ በስልክ እየሰማሁ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ መርጬ ነበር። «ሰው አየ?» አልኳት።

«ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የሰው ሰላምታ ሁሉ ለየት ብሎብኛል» አለችኝ። አልተቆጣችም። እንዲያውም እነዚያ ሰዎች በሚቀጥለው እሑድ ተመልሰው እንጨት እንደሚፈልጡላት ቃል ገብተው ነበር። የመጡትም በቃላቸው ነው፤ ከዚያ በኋላም እሑድ እሑድ ብቅ ይሉ ጀመር። እኔ ግን ዳታው እንደ ተመለሰ አምፖሉን ነጭ አድርጌ፣ ሁለተኛ ቀለም ላልነካ ለራሴ ማልኩ።

ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ። እናቴ ለአምሳ ዓመት ሲነጋ መጀመሪያ የምትሠራው ሥራ መብራት ማጥፋት ነው፤ መጀመሪያ ኩራዝ፣ ቀጥሎ ፋኖስ፣ አሁን አምፖል። በቀን የሚበራ መብራት ስታይ ውኃ የሚፈስ ያህል ያማታል። «ቆጣሪ ይበላል» ትላለች። እኔ አትንኪው ያልኳትን ማጥፊያ ጠዋት ጠዋት ቀጭ ታደርገዋለች። ግድግዳው ላይ ከጠፋ ደግሞ የእኔ ብልጥ አምፖል ከሞተ አምፖል አይለይም፤ ስልኬ ላይ ምልክቱ ይደበዝዝና «ከመስመር ውጭ» ይላል። ስንት ጊዜ ደውዬ ተከራከርኳት። «እሺ ልጄ» ትለኛለች፣ በማግሥቱም ቀጭ።

አንድ ጠዋት ሻይ እየጠጣሁ ስልኬ ላይ ምልክቱ ሲደበዝዝ ዓይኔ እያየ ያዝኩት። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። እንግዲህ በዚያች ቅጽበት እናቴ ከአልጋዋ ተነሥታ፣ በእግሯ ሄዳ፣ በእጇ ማጥፊያውን ተጭናለች ማለት ነው። አልወደቀችም ማለት ነው። ይህ ሲገለጥልኝ የተሰማኝን ደስታ ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ። አምፖሉ የተሠራለትን ሥራ እንቢ ቢልም ሌላ ሥራ አገኘሁለት። ወዲያው ደውዬ «አጥፊው፣ ዝም ብለሽ አጥፊው። ስታጠፊው እኔ ደህና መሆንሽን አውቃለሁ» አልኳት።

«አለመደወልህ ነዋ» አለችኝ።

«መደወልማ እደውላለሁ።»

ለጊዜው ደወልኩ። ከዚያ ወሩ ኅዳር ሆነ፣ የማሽላ መውቂያ ማሽኖች በየማሳው መሰበር ጀመሩ፣ እኔም ከአንዱ በረሃ ወደ አንዱ በረሃ መሮጥ ያዝኩ። ማሳው ላይ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ማታ መብራቱን አብርታ እንደሆነ ማየቱን ትቼ ጠዋት ብቻ፣ ከመውጣቴ በፊት፣ ሻዬን ይዤ ስልኬን አያለሁ። «ከመስመር ውጭ» ካለ ተነሥታለች፤ ወደ ሥራዬ። መጀመሪያ ስልክ መደወሉ ቀረ። ቀጥሎ ቅዳሜው ቀረ። አንድ ቅዳሜ፣ ሁለት ቅዳሜ፣ ሦስት። ባለቤቴ «ሄደህ አይተሃታል ግን?» ስትለኝ ስልኬን ዘርግቼ አሳያታለሁ። እሷም ስልኩን አይታ፣ እኔን አይታ፣ ወደ ጓዳ ትገባለች። እኔ አሳመንኳት ብዬ አስብ ነበር።

አንድ ረቡዕ ጠዋት አንድ የትራክተር ሾፌር እየተርበተበተ መጣ። ሌሊቱን ናፍታ ተሰርቆብኛል፣ የናፍታውን ልክ የሚያሳየው ጌጅ ባዶ ይላል አለኝ። እዚያው ከተማ ውስጥ ወደ ቆመበት ሄጄ ባየው የባትሪው ገመድ ተነቅሏል። ታንኩ ሙሉ ነው። በሰው ፊት አሳቅሁበት። «ስማ» አልኩት፣ «ጌጅ ባዶ አሳየ ማለት ታንኩ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ኃይል ያልደረሰው ጌጅ ሁልጊዜ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው። መጀመሪያ ባትሪህን እይ።» ይህን እያልኩ በሌላው እጄ ስልኬን አየሁ። «ከመስመር ውጭ» ይላል። እናቴ ደህና ናት ብዬ ወደ ኪሴ መለስኩት።

በማግሥቱ ከረፋዱ ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። የጎጃም ሰው አነጋገር ነው። በዚያ ሰሞን የማያውቁኝ ሰዎች የሚደውሉልኝ ማሽን ሲሰበር ብቻ ስለነበር «ምኑ ነው የተሰበረ?» አልኩት።

«ኧረ ማሽን የለኝም እኔ። ቁጥርዎን ከግድግዳው ላይ አግኝቼ ነው። እናትዎን ጤና ጣቢያ አምጥቻቸዋለሁ፣ ቶሎ ይምጡ።»

ኮኪት እንዴት እንደ ደረስኩ አላስታውስም። እናቴ ጤና ጣቢያው አልጋ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶላት፣ ፊቷ ተሟጥጦ፣ ከንፈሯ ደርቆ አገኘኋት። ወባ ነው። አራት ቀን አቃጥሏታል። መጀመሪያ ሁለቱን ቀን እየተንፏቀቀች ለዶሮዎቿ ማሽላ በትናለች፤ ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልተነሣችም። ጎረቤቱ ሁሉ ለአጨዳ በረሃ ወርዶ ነበር። ስልኳም ቻርጅ አልነበረውም። ያልነበረውም፣ የኮኪት ትራንስፎርመር ተቃጥሎ መብራት ከጠፋ ስድስተኛ ቀኑ ስለነበር ነው።

ስድስት ቀን። በነዚያ ስድስት ቀናት በየጠዋቱ ስልኬን አይቼ፣ ሻዬን ጨርሼ፣ ደህና ናት ብዬ ወጥቻለሁ። በአራቱ እሷ ውኃ የሚያቀብላት ሰው አጥታ በትኩሳት ተቃጥላለች። ማጥፊያውን የነካ ሰው አልነበረም። የተነቀለ ባትሪ ነበር ስመለከት የቆየሁት፤ ያውም ያንን ሾፌር እያስተማርኩ። ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰው ያየኝ እንደሁ አላውቅም፣ ግድም አልነበረኝም።

ያመጣት ሰው በቀይ መብራት ምክንያት የገባው ያ ባርኔጣውን ያወለቀው ሰውዬ ነው። ሥራ ጨርሶ ወደ አገሩ ሊመለስ፣ ዕቃውን በትከሻው አንጠልጥሎ፣ ሳልሰናበታቸው አልሄድም ብሎ ነበር የመጣው። ከደጅ ተጣርቶ መልስ ሲያጣ ገባ። በአልጋዋ አንሶላ ጠቅልሎ፣ ተሸክሞ አስፋልት ድረስ አወጣት። የእኔን ቁጥር ያገኘው ከማጥፊያው በላይ ከብዙ ዓመት በፊት በወፍራም እስክሪብቶ ግድግዳው ላይ ከጻፍኩት ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ያደረግሁት፣ ኃይል የማይፈልግ ብቸኛው ነገር እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ምን ላድርግልህ ስለው እንቢ አለ። «እንጀራቸውን በልቻለሁ እኮ» አለኝና፣ የሚሄድበት አውቶቡስ ስላመለጠው በማግሥቱ የሚሳፈርበትን የመኪና ብር ብቻ ጠየቀኝ። ያን ዕለት እኔ ቤት አደረ።

እናቴን ከዳነች በኋላ ገንዳ ውሃ ልወስዳት ሞከርኩ። እንደ ልማዷ ዶሮዎቿን ምክንያት አደረገችብኝ። በሳምንቱ ቅዳሜ ኮኪት ሄድኩ፤ መብራቱ ተመልሶ ነበር። ከምንም በፊት መሰላሉን አምጥቼ፣ ተራ አምፖል በኪሴ ይዤ፣ ያን ብልጥ አምፖል ልፈታው ወጣሁ። እናቴ አግዳሚው ላይ ጋቢ ተከናንባ ተቀምጣለች። ገና አልጠነከረችም።

«ምን ልታደርገው ነው?» አለችኝ።

«አውርጄ እጥለዋለሁ።»

«ተወው። ይልቅ እንደዚያ ቀን ቀይ አድርገህ አብራልኝ።»

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«በቀዩ ጊዜ ሰው መጥቶልኝ ነበር» አለች። «ነጭ ካደረግኸው ወዲህ አንተም አልመጣህ።»

መሰላሉ ላይ እንደ ቆምኩ አምፖሉን በእጄ ይዤ ቀረሁ። ከአስፋልቱ የሚኒባሱ ረዳት «ገንዳ ውሃ፣ ገንዳ ውሃ» እያለ ሲጣራ ተሰማ። እናቴ ወደ ድምፁ ዞር ብላ «ይሄድብሃል» አለችኝ። አምፖሉን ሳልፈታው ወርጄ መሰላሉን ወደ ቦታው መለስኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ረዳቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጣርቶ ሄደ።